የባስልዮስ ሪዝና የዲማ ጉሮሮ

ነገሌ ቦረና ገብታችሁ «ባስልዮስ የት ነው?» ብትሉ ማንም አያውቅላችሁም። «ሪዛሙ የት ነው?» ካላችሁ ግን ፍየሏም ትመራችኋለች። የሰውዬው ሪዝ እንደ ሌላው ሰው ሪዝ ከንፈር ላይ ቁጭ ብሎ የሚቀር አልነበረም። ከአፍንጫው ሥር ይነሳና ጉንጩን አቋርጦ፣ ጆሮው ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ልክ የቦረና በሬ ቀንድ። ጠዋት ጠዋት ቅቤ ነክቶ ሳይፈትለው መፍቻ አይጨብጥም። ሚስቱ ሮማነወርቅ «ለወጡ የገዛሁት ቅቤ አፍንጫው ሥር አለቀ» እያለች ለጎረቤት ስትከሰው ኖራለች።

ጋራዡ ሰሌዳ የለውም። ምን ያደርግለታል? ቢሰቅልም ራሱ አያነበውም። ከፊልቱ ሲመጣ መኪና የተበላሸበት ሹፌር «ነገሌ ግባና ሪዙ ከፊቱ ቀድሞ የሚመጣ ሰው ፈልግ» ይባላል፤ አለቀ። አንዴ ከዶሎ ኦዶ የመጣ ሹፌር አማርኛም ኦሮምኛም ሳይችል ገበያው መሀል ቆሞ ሁለት ጣቱን ከአፍንጫው ሥር ወደ ጆሮው ጎተት ቢያደርግ፣ ገበያተኛው በሙሉ እጁን ወደ አንድ ግራር ቀሰረለት። እንዲህ ነው እንግዲህ። ሪዙ ለባስልዮስ ጌጥ አይደለም። ሰሌዳውም ስሙም እንጀራውም ነው። ይሄን ያዙ፣ ኋላ ይመጣል።

አባቱ ከመንዝ የመጣ ወታደር ነበር፤ ባስልዮስም የተወለደው እዚያው ነገሌ ጦር ሰፈር ውስጥ ነው። ትምህርት ቤት አንድ ቀን ሄዷል። አስተማሪው ጠመኔ ቢሰጠው በላው ይላሉ። እሱ ግን «ቀመስኩት እንጂ አልበላሁትም» ብሎ እስከ ዛሬ ይሟገታል። የሆነው ሆኖ ከዚያን ቀን ጀምሮ አስተማሪው ምላሱ ሆነ። ጦር ሰፈሩ ጋራዥ ገብቶ ዘይቱንም ግራሱንም ናፍጣውንም እየቀመሰ ነው ሥራ የለመደው። ያለቀሰው የባትሪ ውሃ የቀመሰ ቀን ብቻ ነው። ናፍጣ ጣል አድርጉለት ምላሱ ላይ፣ የሞያሌ ነው ወይ የዶሎ፣ በርሜል ውስጥ ነው የከረመው ወይ ጀሪካን ውስጥ፣ ቁጭ አድርጎ ይነግራችኋል። ያገሩን ጠጅ እንዲህ የሚለይ ጠጪ እንኳ አልተፈጠረም።

በሰማንያ ሦስት መንግሥት ሲለወጥ ሰፈሩ ተበተነ። ሰው ብርድ ልብሱን ተሸክሞ ሲወጣ ባስልዮስ አንድ ከረጢት መፍቻና ሪዙን ይዞ ወጣ። ከገበያው አጠገብ ያለችው ግራር ሥር ከረጢቱን ዘረገፈ፣ ጋራዥ ሆነ። ሮማነወርቅንም ያገባት ያን ጊዜ ነው። «ፊቱን ሳላይ ነው የተዳርኩት፤ ሪዙ ጋርዶኝ» ትላለች።

ወደ ትራክተሩ እንምጣ።

ኦቦ ጃልዴሳ የከብት ጌታ ነው። ሚሊኒየሙ በተከበረ ሰሞን ይመስላል፣ ካሉት ከብቶች መርጦ ሸጠና ቀይ ትራክተር ገዛ። ሜዳውን አርሼ በቆሎ እዘራለሁ ብሎ ነው። የትራክተሩን ስም ዲማ አለው፤ ቀዩ ማለት ነው በኦሮምኛ። ብዙ በሬዎቹ ሄደው ይሄ አንድ በሬ መጣ፤ ስለዚህ እንደ ተራ ብረት አላየውም። ማታ ማታ በረት ውስጥ ከከብቶቹ ጎን ያቆመዋል። ጠዋት ሲወጣ ኮፈኑን መታ መታ አድርጎ «ናጋ ቡልቴ?» ይለዋል። ሰላም አደርክ ወይ ነው። ዲማም ቁልፉ ሲዞር ድድድድ ይላል፤ ጃልዴሳ «ናጋ ነው አለኝ» ብሎ ይወጣል።

ያን ዓመት ዝናቡ እንደ ጣለ፣ መሬቱ ርሶ ሳይደርቅ ለማረስ ጃልዴሳ ዲማን ነድቶ ወጣ። መንገዱ በገበያው መሀል ነው፤ ቀኑም የገበያ ቀን ነበር። እንግዲህ አንድ ትራክተር መቆም ካለበት ስንት ባዶ ሜዳ አለ! ዲማ ግን የሚቆምበትን መረጠ፤ ከከሚላ የወተት ጀሪካኖች ፊት ለፊት ሳለ፣ አቃሰተ፣ ዝም አለ።

ከሚላን የማያውቅ ካለ፣ የግመል ወተት ነጋዴ ናት። ድምፅዋ ከገበያው ዳር እስከ ዳር ይደርሳል። አፍንጫዋ ደግሞ ከድምፅዋ ይብሳል። የወተት ጀሪካን ክዳን ከፍታ አንዴ ካሸተተች ማን ቤት እንደታለበ ትናገራለች።

ባስልዮስ ተጠራና ከግራሩ ሥር እየተጎማለለ መጣ።

«አካም፣ ኦቦ ጃልዴሳ? ናጋ?»

«እኔ ናጋ ነኝ። ዲማ ነው የታመመው።»

«ምን ሆነ?»

«መጀመሪያ ሳለ። ከዚያ አቃሰተ። በሬ ቢሆን ምራቁን አይ ነበር።»

«ምራቁን ማየት የኔ ሥራ ነው። ዞር በሉ!»

ገበያተኛው ከቧል። መካሪው ብዛቱ! አንዱ ከኋላ «ካንዴላው ነው፣ ካንዴላው ይታይ!» ሲል ባስልዮስ ዞር አለና «ናፍጣ ሞተር ምን ካንዴላ አለው? ሂድ ሽንኩርትህን ሽጥ!» አለው። ሰውዬው እውነትም ሽንኩርት ሻጭ ነበር፤ ሄደ።

ባስልዮስ ከናፍጣ ማጣሪያው ከፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ላላ አደረጋት። ከዚያ የእጅ ፓምፑን ጨመቅ፣ ጨመቅ፣ ጨመቅ። በብሎኗ በኩል ናፍጣው እየተንፈቀፈቀ፣ አረፋ እየደፈቀ ወጣ። «አየር! አየር ገብቶበታል። ሆዱ ተነፍቶ ነው!» አለ። አረፋው ቆሞ ናፍጣው ቀጥ ብሎ ሲፈስ ብሎኗን አጠበቀ። ቁልፉ ዞረ። ድድድድ! ሕዝቡ አጨበጨበ። ባስልዮስ ሪዙን በሁለት እጁ ፈተለ። ዲማ ከከሚላ ፊት ተነሳና እልፍ ብሎ የጁነይድ ፀጉር ቤት በር ላይ ሲደርስ፣ ሳለ፣ አቃሰተ፣ ዝም።

ጁነይድ ምላጩን እንደያዘ ብቅ አለ። ይሄ ጁነይድ የባስልዮስን ሪዝ ስንት ዓመት ሲመኘው የኖረ ሰው ነው። ባስልዮስ አናቱ መላጣ ነው፤ ሪዙን አያስነካ፤ ደጃፉ ላይ እየኖረ አንድ ቀን ደንበኛ ሆኖለት አያውቅም።

«ጋሼ፣ ትራክተሩ ሊላጭ ነው የመጣው?»

«አርፈህ ሥራህን ሥራ!»

«ምን ሥራ አለ፣ ደጃፌን ዘጉት እኮ። ካቃተዎት ካቃተኝ ይበሉ፣ በአህያ እናስጎትተው።»

በአህያ! ይሄ ቃል ባስልዮስ ጆሮ ሲገባ ሪዙ ራሱ የቆመ መሰለ። ዲማ ጎማ ላይ ወጣና እጁን ወደ ሰማይ አነሳ።

«ስሙ የነገሌ ሰዎች! የዐስር ሰላት አዛን ሳይባል፣ ማንም ሳያግዘኝ፣ ብቻዬን ይሄን ትራክተር አስነስቼ ከገበያው ካላስወጣሁት፣ ይሄን ሪዝ ጁነይድ ይላጨው!»

ግመሎቹ እንኳ ማመንዠካቸውን ያቆሙ ይመስል ነበር። ጁነይድ ወንበሩን ከውስጥ አውጥቶ ደጃፉ ላይ አስቀመጠ፣ ነጭ ጨርቁን አራግፎ መደገፊያው ላይ ሰቀለ፣ ምላጩን ይስል ጀመር። ሽው፣ ሽው፣ ሽው። ይሄን ድምፅ ከኋላችሁ እየሰማችሁ ሥራ ሥሩ እስቲ!

ባስልዮስ ፊልትሮውን ፈታ። ሲያየው ከሰል ጓዳ ውስጥ ያደረ ይመስል ጠቁሯል። «ጉሮሮው ተዘግቷል!» አለ። ትራክተሩ ላይ ከታሰረው የጃልዴሳ ጀሪካን ናፍጣ ቀድቶ ፊልትሮውን አጠበው፣ አሸው፣ መለሰው። እዚያው ጀሪካን ውስጥ የቀረውንም ዲማ እንዲጠነክር ብሎ ታንከሩ ውስጥ ጨመረለት። አየሩን አወጣ። ዲማ ተነሳ። ዲማ ቆመ። ትንሽ ሲያርፍ ደግሞ ይነሳል፤ ጋዝ ሲሰጠው ያቃስታል፣ ይቆማል።

«ክዳኑ ነው! የታንከሩ ክዳን መተንፈሻው ተደፍኖ ናፍጣው አልወርድም ብሎ ነው!» አለና ክዳኑን ከፈተው። ዲማ ተነሳ። ዲማ ቆመ።

«ቧንቧው ነው!» ከታንከሩ የሚወርደውን ቧንቧ ነቀለና አፉን ገጥሞ ነፋ። መጀመሪያ እንቢ አለው። ጉንጩን ነፍቶ በኃይል ሲደግመው ታንከሩ ውስጥ የነበረው ጉድፍ ለቀቀና ናፍጣው ተመልሶ ፊቱ ላይ ተረጨ። ሪዙ ጠቁሮ ሲንጠባጠብ ሕዝቡ መሬት ላይ ወድቆ ሳቀ። ባስልዮስ ግን ሰው ሲስቅበት ምላሱን ያምናል። ከንፈሩን ላሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ አጣጣመ።

«አገኘሁት» አለ። «ናፍጣው ተጠብሷል። የተጠበሰ ጣዕም አለው። የሞያሌ ናፍጣ ነው፤ ሹፌሮቹ ጣሪያ ላይ ጭነውት ፀሐይ ጠብሶታል።»

«ታዲያ መድኃኒቱ ምንድነው?» አለ ጃልዴሳ።

ባስልዮስ ለተጠበሰ ናፍጣ መድኃኒት አያውቅም። «ይቀዝቅዝ» አለ። ዲማ ላይ ውሃ አፈሰሱበት። ዲማ እንኳን ሊነሳ አልሳለም። ባስልዮስ ፊልትሮውን ዳግመኛ ፈትቶ ያሸው ጀመር።

ከወደ ጁነይድ «ጋሼ» የሚል ለስላሳ ድምፅ መጣ። «በሙቅ ውሃ ይሁንልዎ ወይስ በቀዝቃዛ?»

ይሄኔ ከሚላ ደረሰች። የመጣችው ልትረዳ እንዳይመስላችሁ። ልትጣላ ነው። ገበያተኛዋን ሁሉ ዲማ ወስዶባት ወተቷ ፀሐይ ላይ ቀርቷል።

«ይሄን ብረት ታነሱልኛላችሁ ወይስ ወተቴን ጎማው ላይ ላፍስስ? ጋሽ ባስልዮስ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያሹት ይሄ ጥቁር ነገር ምንድነው?» አለችና ፊልትሮውን ከእጁ ነጠቀችው። ልትወረውረው እጇን ስታነሳ በአፍንጫዋ አጠገብ አለፈ። እጇ አየር ላይ ቀረ። መለሰችው፣ አሸተተችው፣ ደገመችው።

«ሱብሃነላህ! ይሄን ናፍጣ ማን ነው ያጠነው?»

«ናፍጣ ማጠን ምን ማለት ነው?» አለ ባስልዮስ።

«ታጥኗላ! በወይራ ነው የታጠነው። ወላሂ ደግሞ ቆንጆ አድርገው ነው ያጠኑት፤ ያጠነችው ሴት ባለሙያ ናት።»

ሁሉም ሰው ወደ ጃልዴሳ ዞረ። ጃልዴሳ ደረቱን ነፋ።

«ኤጄርሳ ነው፣ ወይራ! ራሷ ባለቤቴ ናት ያጠነችው። ከኛ ቤት ባልታጠነ ዕቃ ለማንም ተሰጥቶ አያውቅም። ዲማ ደግሞ ለቤታችን እንግዳ ነው። ለእንግዳ ባልታጠነ ጀሪካን ይሰጣል እንዴ?»

እዚህ ላይ ደገኛ ወይም የአዲስ አበባ ሰው ካለ ይስማ። በዚህ አገር የወተት ዕቃ እንዲሁ ታጥቦ ወተት አይገባበትም። ፍም ወይም የሚነድ የወይራ እንጨት ውስጡ ይጨመራል፣ ክዳኑ ይዘጋል፣ ጭሱ ይገባዋል፤ ወተቱ ቶሎ አይበላሽም፣ ሲጠጣም ይሸታል፣ ይጣፍጣል። ወግ ያለው ቤት የሚታወቀው በዚህ ነው። ጃልዴሳም ናፍጣ የሚያመጣባቸው ጀሪካኖች ሁሉ ታጥነውለታል። ግድግዳቸው ላይ ደቃቅ ከሰል ተጋግሯል። ወተት ቢሆን ግድ የለም። ናፍጣ ግን ከሰሉን ይልጠዋል፤ የተላጠው ታንከሩ ውስጥ ይገባል፤ ከታንከሩ ቧንቧው ውስጥ፣ ከቧንቧው ፊልትሮው ላይ። ሞተሩ ሲስብ ከሰሉ ይመጣና ጉሮሮውን ይዘጋል፤ ሲያርፍ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ለዚህ ነው አርፎ የሚነሳው። ባስልዮስ ደግሞ ፊልትሮውን ያጠበው በዚያው በታጠነ ጀሪካን ናፍጣ ነው! እያጠበ ሲያቆሽሽ ዋለ።

«ኦቦ ጃልዴሳ! ትራክተር እኮ ነው፣ ጥጃ ነው እንዴ?» አለ ባስልዮስ ራሱን ይዞ።

«ስንት ከብቴን በልቶ የመጣ፣ ከጥጃ ሊያንስ ነው?»

«እኔስ ምን አልኩ? ተጠብሷል አላልኩም?»

«ሞያሌ ነው የተጠበሰው ያሉት!» አለች ከሚላ።

«መጠበሱን ነግሬያለሁ። አገሩን ብቻ ነው የሳትኩት።»

ለነገሩ አሁን መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ታንከሩን ማራገፍ፣ ናፍጣውን ማጥለል፣ በንጹሕ ጀሪካን መልሶ መጨመር። ግን ያልታጠነ ጀሪካን ከየት ይምጣ? ገበያው በጀሪካን ተሞልቷል፤ ሁሉም የወተት ነው፣ ሁሉም ታጥኗል። ባስልዮስ «ያልታጠነ ጀሪካን ያለው!» እያለ ሲዞር ሴቶቹ ተቆጡ። «ማንን ነው የሚሰድበው ይሄ ሽማግሌ?» ተባባሉ። የውሃ ጀሪካን አመጡለት፤ እርጥብ ነው። ውሃ ናፍጣ ውስጥ ከገባ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ እያዘነበለች ነው። ሽው፣ ሽው ይላል ጁነይድ።

ወሬው ሮማነወርቅ ዘንድ ደርሶ ኖሮ፣ ሪዙ ሲላጭ እንዳያመልጣት ነጠላዋን እያጣፋች መጣች። ባስልዮስ ሲያያት ዓይኑ በራ።

«ሮሚ! ያቺ ድሮ ላምባ የምትይዢባት ጀሪካን አለች? መብራት ከገባ ወዲህ ደርቃ የተቀመጠችው?»

«አለች።»

«ታጥናለች?»

«ላምባ ይታጠናል እንዴ? አብደሃል?»

«ሩጪ አምጪያት!»

ሮማነወርቅ ግን አልሮጠችም። የጁነይድን ወንበር አየች፣ ነጩን ጨርቅ አየች፣ የባሏን ሪዝ አየች።

«ካመጣኋት ሪዙ ይቀራል ማለት ነው?»

«አዎ!»

«እስቲ ላስብበት።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰሌዳችን እኮ ነው! ሪዙ ከሄደ ማን ያገኘኛል? ምን እንበላለን?»

«ቅቤው ይተርፈናል፣ እሱን እንበላለን» አለችና፣ ገበያውን አስቃ ስታበቃ ሄዳ ጀሪካኗን አመጣች።

ማጥለያ ቀረ። ባስልዮስ ዙሪያውን አየና ዓይኑ የጁነይድ ነጭ ጨርቅ ላይ ዐረፈ። ጁነይድ «እንዳይሞክሩት!» ብሎ ሳይጨርስ ጨርቁ ተነጥቆ፣ ተደራርቦ የጀሪካኗ አፍ ላይ ነበር። የታንከሩ ናፍጣ በሱ ላይ ጠለለ፤ ነጩ ጨርቅ የከሰል ነጋዴ መቀመጫ መሰለ። ታንከሩ ታጠበ፣ ቧንቧው ተነፋ፤ አሁን ፊቱን ዞር አድርጎ ነው የነፋው። ፊልትሮው በጠለለው ናፍጣ ታጠበ፣ የቀረውም ታንከሩ ውስጥ ተመለሰ። ብሎኗ ላላች፣ የእጅ ፓምፑ ተጨመቀ፣ አረፋው ወጣ፣ አለቀ፣ ብሎኗ ጠበቀች። ጃልዴሳ ኮፈኑን መታ መታ አደረገና ጆሮው ላይ የሚነግረውን ነገረው። ቁልፉ ዞረ።

ድድድድድ!

ማንም አላጨበጨበም፤ ሁሉም መሳሉን ይጠብቃል። አልሳለም። ባስልዮስ ራሱ መሪውን ይዞ በገበያው መሀል ነዳው። የመጨረሻውን የበቆሎ ሻጭ አልፎ ገበያውን ሲወጣ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ እህህ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። አዛኑ የተሰማው ዲማ ሜዳው ላይ ከወጣ በኋላ ነው።

ባስልዮስ ሪዙን እየፈተለ በድል ሲመለስ ጁነይድ ጥቁር ጨርቁን ይዞ መንገድ ላይ ጠበቀው።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ።»

«ምን? አዛን ሳይባል አስወጣሁት እኮ!»

«ብቻዬን፣ ማንም ሳያግዘኝ ብለዋል። ከሚላ ያሸተተችውስ?»

«እኔም ሰምቻለሁ፣ ብለዋል!» አለች ከሚላ ከወዲያ።

«ጀሪካኑስ የማን ነው?» አለች ሮማነወርቅ። ሚስት እንዲህ ናት።

ጭቅጭቁ ቀለጠ። በመጨረሻ ጃልዴሳ ይፍረድ ተባለ። ጃልዴሳ መሬቱ እየደረቀበት ስለሆነ ነገር የሚያረዝምበት ጊዜ አልነበረውም። በትሩን መሬት ላይ መታ አደረገ።

«ዲማን ያስነሳው ባስልዮስ ነው። በሽታውን ያገኘችው ከሚላ ናት። እንግዲህ ግማሹ ይላጭ፣ ግማሹ ይቅር።»

«ዱጋ! እውነት ነው!» አለ ገበያው በአንድ ድምፅ።

«የትኛው ግማሽ?» አለ ጁነይድ ምላጩን አንስቶ።

«ወደ ወተቴ የሚያየው» አለች ከሚላ።

ባስልዮስ ጋራዡ ሲቀመጥ ወደ ከሚላ የሚያየው ቀኙ ነው። ተቀመጠ። ጁነይድ ዕድሜ ልኩን የተመኘውን በአንድ ምት አወረደ፤ እጁ ግን ስለ ጨርቁ ትንሽ ጨክኖበት ነበር። «ሌላውንስ ላስተካክልልዎ፣ ያምራል» ቢለው ባስልዮስ ተቆጣ። «የግራው በሥራዬ ያተረፍኩት ነው! አይነካም!» አለና ግማሽ ሪዙን ፈትሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። ከአንዱ ወገን የሚመጡ መኪኖች ግራውን አይተው ይቆማሉ። ከሌላው ወገን የሚመጡት ቀኙን ያዩና «ሪዛሙ አይደለም» ብለው ያልፋሉ። ባስልዮስ መኪና በመጣ ቁጥር ወንበሩን ይዞ ሲዞር ከረመ። ሮማነወርቅ ግን የምትቀመጠው ሁሌ በቀኙ ነው። «በዚህ በኩል ሲታይ እኮ ደህና ሰው ነው ያገባሁት» ትላለች።

ዲማ ሜዳውን አረሰ፤ በቆሎውም በቀለ። የዲማን ጀሪካኖች አሁን የጃልዴሳ ባለቤት ከውጭ ብቻ ነው የምታጥናቸው፤ እንግዳው ቅር እንዳይለው።

ሪዙስ? በቀለ። ግን የቀኙ እንደ ግራው አልታጠፍ አለ፤ ቀጥ ብሎ ወደ ወተቱ ገበያ ያመለክታል። ሰው ሲጠይቀው ባስልዮስ «ይሄ የኔ ነው፣ ያኛው የከሚላ ነው» ይላል። ከሚላም ጀሪካኖቿን አስጭና በግራሩ ሥር ስታልፍ ቆም ትልና ትጮሃለች።

«ጋሽ ባስልዮስ! ያንቱን ብቻ ቅቤ እየቀቡ፣ ሪዜን ለምን ያደርቁብኛል?»